ባሕር ማዶ ሆኖ «ደኅና ነኝ» ስለ ማለት

መንገደኛ ከአገሩ በወጣ ጊዜ የሚሄደው ሥጋው ነው እንጂ ልቡ ከቤቱ ይቀራል ይባላል። በቤት የቀረውም ዘመድ እንዲሁ ነው፤ ሥጋው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ልቡ መንገደኛውን ተከትሎ ይዞራል። ስለዚህ በሄደውና በቀረው መካከል ያለው የመጀመሪያ ጥያቄ በማናቸውም ዘመንና በማናቸውም አገር አንድ ነው፤ እርሱም «ደኅና ነህን?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ እስኪመጣ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ እንደየዘመኑ ተለዋውጧል። መልሱ እውነት ሊሆን ይገባዋልን? የሚለው ነገር ግን ከቀድሞው ይልቅ በዛሬው ዘመን የሚያሳስብ ሆኗል።

ቀድሞ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚሄድ ሰው በረሓውን በእግሩ፣ ባሕሩን በመርከብ ሲሻገር ብዙ ወራት ይፈጅበት ነበር። ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ስለሚያውቅ አስተዋይ የሆነው ሁሉ ሳይወጣ ዕዳውን ይከፍላል፤ የተጣላውን ይታረቃል፤ ስለ ንብረቱም ይናዘዛል። በመንገድ ሳለ ደብዳቤ ቢልክ እንኳ ደብዳቤው ሲደርስ የተጻፈው ነገር አርጅቶ ይገኛል። በአማርኛ ደብዳቤ ራስጌ ሲጻፍ የኖረው «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚለው ቃል ስለ ተጻፈበት ቀን እንጂ ስለሚነበብበት ቀን አይመሰክርም። ይህንን ጸሐፊውም አንባቢውም ያውቁት ነበር። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ የሚጣለው እምነት ልክ ነበረው፤ ከልኩ ያለፈውን ተስፋና ጸሎት ይሞላው ነበር።

የስልክ መስመር በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ከተዘረጋ ወዲህ ድምፅ ከሰው ቀድሞ ይደርስ ጀመር። ነገር ግን ያ ስልክ በሽቦ የታሰረ ስለ ነበር መንገደኛውን ተከትሎ ሊሄድ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርቲን ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ስልክ ተነጋገረ። በ1991 ጂ.ኤስ.ኤም. በተባለው ሥርዓት የመጀመሪያው ጥሪ በፊንላንድ አገር ተደረገ፤ በሚቀጥለውም ዓመት አንድ የፊንላንድና አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ አንዱ የሌላውን ደንበኛ በእንግድነት ለመቀበል ተዋዋሉ። በኢትዮጵያ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1999 ነው። (እነዚህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የአሠራሩ ነገር ሊስተዋል ይገባዋል። ስልኩ በባዕድ አገር ገና ሲከፈት በአቅራቢያው ላለው ምሰሶ ማንነቱን ያስታውቃል። የዚያ አገር ኩባንያ ወደ ስልኩ አገር ኩባንያ ልኮ ይህ ደንበኛ የእርሱ እንደ ሆነ ይጠይቃል። የአገሩ ኩባንያ ሲመሰክርለትና ያለበትን ስፍራ በመዝገቡ ሲጽፍ፣ ከዚያ በኋላ የሚደወልለት ጥሪ ሁሉ ከሄደበት ድረስ ይከተለዋል። ይህንንም ሮሚንግ ይሉታል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል የዚህ ተጨማሪ ዋጋ በ2017 ቀርቷል፤ በሌላው ዓለም ግን ብዙ ጊዜ ውድ ስለ ሆነ አብዛኛው መንገደኛ የደረሰበትን አገር ሲም ካርድ ይገዛል፤ ወይም በኢንተርኔት፣ በዋትሳፕና በኢሞ ይነጋገራል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ስልኩ ስለ ማንነቱና ስላለበት ስፍራ አስቀድሞ እውነቱን ካልተናገረ አንዲት ቃል እንኳ ሊያስተላልፍ አይችልም። ባለቤቱ ግን በዚያው ስልክ የፈለገውን ሐሰት መናገር ይችላል። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ነው።

ለምሳሌ ከኢትዮጵያ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄደችን ልጅ ማሰብ ይበቃል። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋራ የተያያዘ ነው። በ2011 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኛ የጕዞና የማንነት ወረቀቷን በእጇ እንድትይዝ መብት ይሰጣታል፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ፓስፖርቱ ከአሠሪው ሣጥን ተቈልፎበታል። ስልኳንም ሳይቀር ከአሠሪዋ እጅ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የምትቀበል አለች። እንዲህ ያለችው ልጅ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ስትሠራ ውላ፣ ደመወዟም ለወራት ተይዞባት፣ ስልኩ በእጇ ሲገባ እናቷ «ልጄ፣ እንደምን አለሽ? ፊትሽ ከሳብኝ» ትላታለች። ልጅቱም ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «ደኅና ነኝ እማዬ፤ ሥራው ቀላል ነው፤ ሰዎቹም ደጎች ናቸው» ብላ ትመልሳለች። ቀጥላም «አባባስ?» ስትል እናቲቱ በተራዋ ከመጋረጃው ኋላ የተኛውን የባሏን ሳል እየሰማች «ደኅና ነው፤ ገበያ ወርዷል» ትላታለች። ስልኩ ይዘጋል፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ሁለቱም ደግ ነገር ያደረጉ ይመስላቸዋል።

ይህንን ውሸት ብሎ መጥራት የጭካኔ ነገር ይመስላል። ልጅቱ ያታለለችው ለጥቅሟ አይደለም፤ እናቲቱም የደበቀችው ስለ ክፋት አይደለም። እያንዳንዳቸው የሌላዪቱን ሸክም በራሳቸው ጫንቃ ላይ ሊጨምሩ ወደዱ። ታዲያ ፍቅር የወለደው ሐሰት ሐሰት ነውን?

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ በመጀመሪያው ክፍል አንዳንድ ማታለል ለሚታለለው ሰው የሚጠቅም መሆኑን ያስረዳል፤ ለዚህም የባለ መድኃኒትን ነገር ምሳሌ ያደርጋል። በብርቱ ትኵሳት የተያዘ አንድ ሕመምተኛ የሚያድነውን እምቢ ብሎ የሚገድለውን ወይን ጠጅ አምጡልኝ አለ። ሐኪሙም ከእቶን የወጣ አዲስ ሸክላ በወይን ጠጅ ነክሮ፣ ውስጡን ውሃ ሞልቶ፣ ቤቱንም አስጨልሞ ሰጠው፤ ሕመምተኛው በሽታው ተታሎ ጠጣውና ዳነ። አውግስጢኖስ ግን በ420 ገደማ ሐሰትን ለመቃወም በጻፈው መጽሐፍ ከዚህ የከበደ ነገር አንሥቶ ሳለ ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል። ሊሞት የደረሰ ሕመምተኛ አንድ ልጁ ሞቶበት ሳለ ሳያውቅ «ልጄ በሕይወት አለን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እውነቱም የሚገድለው ቢሆን፣ ምን ይባላል? አውግስጢኖስ በዚህ ጥያቄ ፊት ሰው እንደ መሆኑ ልቡ እንደሚታወክ አልሸሸገም፤ ቢሆንም ሐሰትን አልፈቀደም፤ ሐሰት አንድ ጊዜ በደግነት በር ከገባ በኋላ የሚያስወጣው በር አይገኝምና። በ1797 ደግሞ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ከዚህ አልፎ ሄዶ፣ ነፍሰ ገዳይ ወዳጅህ ከቤት እንዳለ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይገባም እስከ ማለት ደረሰ።

የካንትን ፍርድ ለመቀበል የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የዮሐንስ አፈወርቅም ምሳሌ እውነት ያለበት ነው። ነገር ግን ምሳሌው በስልክ ለሚነገረው «ደኅና ነኝ» ይስማማ እንደ ሆነ መመርመር ያሻል። ያ ሐኪም በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ ነበር። ያታለለውም መድኃኒቱን ሊያጠጣው ነው፤ ትኵሳቱም ሲበርድ ማታለሉ አብሮ አበቃ። በስልክ «ደኅና ነኝ» የምትለዋ ልጅ ግን ከእናቷ አልጋ አጠገብ አይደለችም፤ ከቃሉ ጋራ የምትሰጠው መድኃኒት የላትም፤ ማታለሉም የሚያበቃበት ቀን አልተወሰነለትም። የሐኪሙ ማታለል የፈውስ መንገድ ነበር፤ ይህኛው ግን በፈውስ ፈንታ የቆመ ነው።

ከኢትዮጵያ ልማድ ውስጥ ይህንን ልዩነት ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው የመርዶ ሥርዓት ነው። የቅርብ ሰው የሞተበት ሰው በሩቅ ስፍራ ቢኖር መርዶው በአንድ ሰው አፍ፣ በደረሰበት ሰዓት፣ እንዲሁ በድንገት አይነገረውም። ዘመድና ወዳጅ ይመካከራል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ በማለዳ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ብዙ ሆነው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። በዋሽንግተንና በሌሎችም የስደት ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህንን እስከ ዛሬ ይዘውታል። ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ አስቀድሞ ለኀዘንተኛው ሳይሆን ለጓደኞቹ ነው፤ እነርሱም ሌሊቱን ተጠራርተው ጎሕ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ። ኀዘንተኛው በሩን ከፍቶ ያን ያህል ሰው ባየ ጊዜ ቃል ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ሲወድቅ ግን የሚይዘው እጅ አጠገቡ አለ።

እንዲህ ያለው መዘግየት ከሐሰት የሚቈጠር አይደለም። እውነቱ አልተለወጠም፤ የሚያርፍበት ስፍራ ተዘጋጀለት እንጂ። ሰውየውም ከእውነቱ አልተከለከለም፤ እውነቱን ብቻውን እንዳይቀበል ተጠበቀ እንጂ። በአማርኛ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ተረት እዚህ ላይ በፊደሉ ይፈጸማል፤ እውነቱ በንጋት ይነገራልና። ዛሬ ግን ይህንን ጥበብ ሁለት ነገሮች ከሁለት ወገን ያፈርሱታል። አንደኛው ችኰላ ነው። ቀብር ገና ሳይፈጸም የሟቹ ፎቶግራፍ ከሻማ ሥዕል ጋራ በፌስቡክ ይወጣል፤ ልጁም በባዕድ ከተማ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ሳለ፣ አንድም የሚያውቀው ሰው በሌለበት፣ የአባቱን ሞት በጣቱ ጫፍ ያገኘዋል። ሁለተኛው ከልክ ያለፈ መደበቅ ነው። እናት ሞታ ወራት አልፎ ሳለ «ጠበል ሄዳለች፤ ስልክ አይገባም» እየተባለ የሚነገረው ልጅ አለ። በኋላ ሲሰማ ኀዘኑ እጥፍ ይሆናል፤ እናቱንም አጣ፤ አብሮ የሚያለቅስበትን ጊዜና የአርባዋን ተዝካርም አጣ፤ ከሁሉም በላይ የዘመዶቹን ቃል አጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሁሉም ደኅና ነው» ሲሉት አያምናቸውም።

ከዚህ የሚገኘው መለኪያ ግልጥ ነው። አንድ ነገር ለጊዜው ሲሸሸግ፣ የተሸሸገበት ሰው ነገሩን ቢያውቅ ኖሮ እርሱ ብቻ ሊያደርገው የሚችለውን ሥራ የሚያሳጣው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ታማሚ አባቱን በሕይወት ሳለ መጥቶ ሊያይ፣ የተቀየመውን ይቅር ሊል፣ ልጁን ከመከራ ሊያወጣ፣ ወይም ሌላ ሰው በዚያው መከራ እንዳይገባ ሊከለክል የሚችል ከሆነ፣ ያንን መሸሸግ ማዘን አይባልም፤ የሰውን ድርሻ መውሰድ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «በገጠር ያለች እናት በሪያድ ወይም በቤይሩት ላለች ልጇ ምን ልታደርግላት ትችላለች? እንቅልፍ ከማጣት በቀር ምን ትጠቀማለች?» ይባላል። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ያ «ደኅና ነኝ» የሚለው ቃል ከእናቲቱ ጆሮ ላይ አይቀርም። ጎረቤት ይሰማዋል፤ በቡና ላይ ይነገራል፤ ደላላውም ይጠቅሰዋል። «የእገሊት ልጅ ደኅና ናት፤ ሥራው ቀላል፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው» ይባላል። በሁለተኛው ዓመት ታናሽ እኅቷ በዚያው መንገድ ትሄዳለች። ታላቂቱ እናቷን ከአንድ ሌሊት ለቅሶ ለማዳን የተናገረችው ቃል ታናሺቱን በዓመታት ለቅሶ ውስጥ ጣላት። ሸክሙን ብቻዋን የተሸከመች መስሏት ነበር፤ ነገር ግን ሳታውቀው ለሌላ አሸከመችው።

እውነት ሲነገር ግን ያው ስልክ ምን ያህል ኀይል እንዳለው በ2020 ታይቷል። የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ በወደቀና የኮሮና ወረርሽኝ በተጨመረበት ጊዜ አሠሪዎች ብዙ ኢትዮጵያውያት ሠራተኞችን አምጥተው በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ዓለምም ይህንን ያወቀው በዚያው በመንገድ ላይ ከተነሣው ፎቶግራፍ ነው። በዚያው ዓመት በሳዑዲ ዐረቢያ ማቆያ ቤቶች ተጨናንቀው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ደብቀው በያዙት ስልክ ሥቃያቸውን አንሥተው ወደ ውጭ ላኩ። እነዚህ ሰዎች «ደኅና ነን» ቢሉ ኖሮ ማን ይጠይቅላቸው ነበር?

ሌላም መታሰብ የሚገባው አለ። በዚያው በ2020 መጨረሻ በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ተቋረጠ፤ በከፊል ከተከፈተ በኋላም በ2021 አጋማሽ እንደ ገና ተዘጋ። በውጭ አገር የሚኖሩ የዚያ አገር ተወላጆች እናት አባታቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ብዙ ወራት አሳለፉ። በ2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መስመሩ ቀስ በቀስ ሲከፈት አንዳንዱ የእናቱን ድምፅ ሰማ፤ አንዳንዱም ከብዙ ወር በፊት የሞተውን አባቱን በዚያች ቀን ቀበረ። በእነዚያ ወራት አንዲት «ደኅና ነኝ» የምትል ቃል ለመስማት ያለውን ሁሉ የማይሰጥ ሰው አልነበረም። ይህም የሚያስተምረው ሁለት ነገር ነው። የወዳጅ ድምፅ ራሱ፣ ምንም ሳይናገር እንኳ፣ ታላቅ ስጦታ ነው፤ ስለዚህ መንገደኛ ስልኩን ዘግቶ ወላጆቹን በጭንቀት ማኖሩ ነፃነት አይባልለትም። ሁለተኛው፣ «ደኅና ነኝ» ያን ያህል ውድ የሆነው የሚታመን ስለ ሆነ ነው። በየሳምንቱ በሐሰት የተነገረ «ደኅና ነኝ» እውነት በሆነበት ቀን እንኳ ሊያጽናና አይችልም።

ይህ ሁሉ ሲባል ጥፋቱን በልጅቱ ላይ ብቻ መጣል ፍርድ ማጓደል ነው። አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ እየሰማች እውነቱን ልትናገር አትችልም። በቤት ያሉትም «እንደምን አለሽ?» ከማለታቸው በፊት «የዚህ ወር አልደረሰንም» የሚሉ ከሆነ፣ እውነቱን እንዳትናገር አስቀድመው አፏን ዘግተዋል። ብዙ ቤተ ሰብ የሚጠይቀው መልሱን መርጦ ነው፤ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ለመስማት የተዘጋጀ ጆሮ ውሸትን ያስተምራል። እውነት የሚናገር አፍ እውነት የሚችል ጆሮ ያሻዋል።

ስለዚህ የቀድሞው መንገደኛ ከመውጣቱ በፊት ዕዳውን እንደ ከፈለና ኑዛዜውን እንደ ተናገረ፣ የዛሬውም መንገደኛ ስልኩንና ሲም ካርዱን ሲያሰናዳ ከቤተ ሰቡ ጋራ ስለ ቃሉ መዋዋል ይገባዋል። በመከራ ቀን እርሱ እንዳይደብቅ፣ እነርሱም በሕመም ቀን እንዳይደብቁት፤ ሞት ቢመጣ በየትኛው ወዳጅ በኩል እንደሚነገረው፤ ሰው እየሰማ መናገር ባይቻል በመካከላቸው ምልክት የሚሆን ቃል የትኛው እንደ ሆነ አስቀድመው ይወስኑ። ምናልባት አንዲት እናት ለምትሄድ ልጇ «ስለ ድመታችን ከጠየቅሽኝ እንዳልተመቸሽ ዐውቃለሁ» ብትላት፣ ከወርቅ ሐብል የሚበልጥ ስንቅ ሰጠቻት ማለት ነው። ሰው እውነቱን የሚናገርበትን ሰዓት ሊመርጥ፣ የሚነገርበትንም አፍ ሊመርጥ፣ ቃሉንም ሊያለዝብ ይችላል፤ ነገሩን ግን ሊለውጠው አይገባም።

ስልክ የቃልን ርቀት አጠፋ፤ የሥጋን ርቀት ግን አላጠፋም። ልጅ በሪያድ ስታለቅስ የእናት እጅ እንባዋን ሊያብስ አይደርስም። ሊደርስ የሚችለው ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ሐሰት የሆነ እንደ ሆነ እናትና ልጅ በየቀኑ እየተያዩ፣ ደብዳቤ በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳቸው ከነበሩት ይልቅ ተራርቀው ይኖራሉ።